ምነው ጠቆርሽ?

ሰላምታችን ረዥም ነው። «እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ሥራስ፣ ጤናስ» እየተባባልን ጉንጭ ለጉንጭ ስንሳሳም ታክሲ ያመልጠናል። በዚህ አልከፋም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። የሚከፋኝ ሰላምታው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። ከጉንጭ ቀና እንዳልን፣ አሁን የሳምነውን ፊት እንደ ፈተና ወረቀት ማረም እንጀምራለን። «ምነው ከሳህ?» «ምነው ወፈርሽ?» «ምነው ጠቆርሽ?»

ሰውን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። ከአራሚዎቹ አንዱ እኔው ራሴ ስለሆንኩ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ዘመዳችን ቤት ለቅሶ ላይ ታናሽ እህቴን አገኘኋት። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ጧት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት፣ ቀን በእረፍት ሰዓት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሜዳ ላይ ቆማ የሰው ልጅ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ሁለተኛ ልጇን ያረገዘች ጊዜ ፊቷ ላይ የወጣው ማዲያት አንዴ ሲደምቅ አንዴ ሲፈዝ አብሯት ኖሯል። የዚያን ቀን ሁለቱም ጉንጮቿና የላይኛው ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ጎልቶ ይታይ ነበር። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ከልቤ ደንግጬ፣ «ምነው እቴ፣ እንዲህ ጠቆርሽ?» አልኳት። አጠገባችን የተቀመጡ አራት ሴቶች በአንድ ጊዜ ዞረው አዩዋት። ነጠላዋን ወደ ጉንጯ ሳብ አድርጋ፣ «ፀሐዩ ነው ጋሼ» አለችኝ። እኔ ንፍሮዬን መቆርጠም ቀጠልኩ። ነገሩ ለእኔ እዚያው አለቀ።

ለእሷ ግን እዚያ ነው የጀመረው። የልጇ ሰርግ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። በሳምንቱ ሰፈሯ ካለ አንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ ሄደች። ሻጯ ፊቷን ግራና ቀኝ አገላብጣ አየቻትና ከባንኮኒው ሥር አንዲት ትንሽ ነጭ ብልቃጥ አወጣች። «ቅልቅል ነው፤ ማታ ማታ ተቀቢው። ሰርጉ ሲደርስ ሙሽራዋ አንቺ ትመስያለሽ» ተባለች። እውነትም በአምስተኛው ቀን ፊቷ ፈካ። በሁለተኛው ሳምንት ባልደረቦቿ «ምን ብታገኚ ነው? ለእኛም ንገሪን» ይሏት ጀመር። ሰርጉ ላይ ሳገኛት እኔም፣ ያ የለቅሶ ቤቱ አራሚ፣ «እሰይ፣ አሁን ተመለስሽ!» ብዬ ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።

ብልቃጡ አለቀ። ቅባቱን ባቆመች በሁለት ሳምንቷ ፊቷ እሳት እንደነካው ቀላ፤ ያቃጥላት ጀመር። ምድጃ አጠገብ መቆም አቃታት። በአርባ ሰባት ዓመቷ እንደ ኮረዳ ብጉር አወጣች። ቆዳዋ ከመሳሳቱ የተነሣ ጉንጯ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታዩ ነበር። በመጨረሻም ማዲያቱ ራሱ ተመለሰ፤ ከበፊቱ ጠቆር ብሎ፣ ከበፊቱም ሰፋ ብሎ። ሁለት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳትሄድ ስትቀር ነው ልጇ ደውላ የነገረችኝ።

ቤቷ ስሄድ ብልቃጡ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ፊደል ካየ ሳያነብ አያልፍም፤ አንስቼ አገላበጥኩት። አንድም ፊደል የለበትም። የሠሪው ስም የለም፤ በውስጡ ያለው ነገር አልተዘረዘረም፤ የሚያበቃበት ቀን የለም። ደራሲም ርዕስም የሌለው ድርሰት! በኋላ ሱቁ ድረስ ሄጄ መስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበብኩ። እሱ እንኳ ፊደል አላነሰውም። ማዲያት፣ ጥቁር ነጥብና የብጉር ጠባሳ በሰባት ቀን ድራሹ እንደሚጠፋ በትልልቁ ተጽፏል። ከጽሑፉ በላይ የአንዲት ሴት ሁለት ፎቶግራፎች አሉ፤ በአንዱ ሥር «በፊት»፣ በሌላው ሥር «በኋላ» ይላል።

እስቲ ይህን ማስታወቂያ እንደ አንድ አጭር ልቦለድ እንየው። ዘመኑ በስልክም በግድግዳም ከዚህ የበለጠ የሚነበብ ልቦለድ የለውምና ሂስ ይገባዋል። አርስቶትል ታሪክ መነሻ፣ መካከልና መድረሻ ያስፈልገዋል ብሎ ነበር። እዚህ መነሻ አለ፤ መድረሻ አለ፤ መካከሉ ግን የለም። ሴትየዋ ከመጀመሪያው ፎቶ ወደ ሁለተኛው በምን መንገድ እንደተሻገረች አይነገረንም። ስንት ወር ፈጀባት? ምን ተቀባች? ማን አየላት? ብርሃኑስ በሁለቱም ፎቶዎች አንድ ነው ወይ? ዛሬ ስልክ ራሱ በአንድ ነካ ማዲያት በሚያጠፋበት ዘመን ይህን መጠየቅ ክፋት አይደለም።

ከመካከሉ መጥፋት የሚከፋው ግን ታሪኩ የሚያበቃበት ቦታ ነው። ደራሲው ብዕሩን የሚያስቀምጠው ጀግናዋ በሳቀችበት ቅጽበት ነው። እኔ ማየት የምፈልገው ሦስተኛውን ፎቶ ነው፤ ብልቃጡ ካለቀ ከወር በኋላ የተነሣውን። ያንን ፎቶ የሚለጥፍ ሱቅ እስካሁን አላጋጠመኝም። እህቴ ያንን ፎቶ በፊቷ ተሸክማ ቤቷ ተቀምጣ ነበር።

ጎትቼ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ልጃችን ልትሆን ትችላለች። ብልቃጡን ከፍታ አየች፤ ምንም አልተገረመችም። ምን ያህል ጊዜ እንደተቀባች፣ መቼ እንዳቆመች፣ የወሊድ መከላከያ ትወስድ እንደሆነ፣ ቀኗን የት እንደምታሳልፍ ጠየቀቻት። ከዚያ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልጠፋ ነገር ተናገረች፤ «እናቴ፣ ይደበዝዛል። ይጠፋል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

አያችሁ ልዩነቱን? ሻጭ «ይጠፋል» ትላለች፤ ሐኪም «ይደበዝዛል» ትላለች። በሁለቱ ግሦች መካከል የአንድ ሰው ፊት አለ።

ነገሩን ከሐኪሟም ጠይቄ፣ ኋላም አንብቤ እንደተረዳሁት እንዲህ ነው። ማዲያት ቆሻሻ አይደለም፤ አይታጠብም፤ ተፈግፍጎም አይለቅም። በቆዳችን ውስጥ ሜላኒን የሚባለውን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። ቀለሙ ጥላችን ነው፤ የፀሐይን ጨረር ይመክትልናል። እነዚህ ሕዋሳት አንዳንዴ ከልክ በላይ ይሠራሉ። ቀስቃሾቹም የታወቁ ናቸው፦ ፀሐይ፣ እርግዝና፣ ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ፣ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ። ሕዋሳቱ አንዴ ከተቀሰቀሱ እንደ ቂመኛ ሰው ናቸው፤ ዝም ያሉ ሲመስሉ ትንሽ ፀሐይ ያስታውሳቸዋል። ለዚህ ነው ማዲያት የሚመላለሰው። ብጉር ወይም ቃጠሎ ጥሎት የሚሄደው ጥቁር ነጥብ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ካልነካኩት በወራት ውስጥ በራሱ እየፈዘዘ ይሄዳል። ሱቁ ግን ሁሉንም በአንድ ብልቃጥ ያክማል።

አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይዋ የዋህ ትመስለናለች እንጂ አይደለችም። ቆላ ያለ ሰው ሙቀቱ ያስጠነቅቀዋል፤ እኛን ግን ብርዱ ያዘናጋናል። በታክሲ መስኮት በኩል የሚገባው ብርሃን እንኳ ከጥፋት ነፃ አይደለም፤ ቆዳን ከሚያጠቁረው ጨረር አንዱ መስታወት ያልፋል።

ብልቃጧ ውስጥ ምን ነበር? የተጻፈበት ነገር ስለሌለ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። የፊቷ ሁኔታ ግን የሚያመለክተው ወደ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው አለች ሐኪሟ። ስቴሮይድ በቦታውና በልኩ ግሩም መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ግን መጀመሪያ ያፈካል፤ ከዚያ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ሲቆም ደግሞ ይበቀላል። እንደ አራጣ አበዳሪ ማለት ነው። ሰርጉን በብድር አሳምሮ ዕዳውን ከነወለዱ ከቆዳው ይሰበስባል።

ሌላው በዚህ ገበያ ስሙ የሚነሣው ሃይድሮኪኖን ነው። ታሪኩ ራሱ ልቦለድ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካ ውስጥ የአንድ ቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች እጃቸው እየነጣ ሄደ። ምክንያቱ ሲመረመር የላስቲክ ጓንታቸው ሆኖ ተገኘ፤ ላስቲኩ ቶሎ እንዳያረጅ የሃይድሮኪኖን ዘመድ የሆነ ኬሚካል ገብቶበት ነበር። የበሬ ቆዳ ሊያለፉ ገብተው የራሳቸው ቆዳ ለፋ! አደጋ የነበረው ነገር ውሎ አድሮ የውበት ሸቀጥ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1975 ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ታተሙ። አሜሪካ ውስጥ ክሊግማንና ባልደረባው ሃይድሮኪኖንን ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር ቀላቅሎ በሐኪም ቁጥጥር ሥር ጥቁር ነጥብን ማደብዘዝ እንደሚቻል ጻፉ። በዚያው ዓመት ከደቡብ አፍሪካ ፊንድሌይና ባልደረቦቹ የሃይድሮኪኖን ማንጪያ ሲቀቡ የኖሩ ሴቶች ፊት ላይ ሰማያዊ የሚቀላቅለው ጥቁረት ሥር ሰዶ መገኘቱን አስነበቡ። የመጀመሪያው ቅልቅል በሐኪም እጅ ነበር፤ የሁለተኛው ሸቀጥ በገበያ እጅ። ያ ሥር የሰደደ ጥቁረት አንዴ ከመጣ ለሐኪምም አስቸጋሪ ነው። ለመንጣት የተገዛ ቅባት የማይለቅ ጥቁረት ሲያመጣ፣ ከዚህ በላይ ምን ምፀት አለ? ደቡብ አፍሪካ በ1990፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ከመዋቢያ ዕቃዎች አገዱት፤ አሜሪካም በ2020 ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ አደረገች። መድኃኒቱ አልሞተም፤ ዛሬም ሐኪም ለተወሰኑ ወራት ያዝዘዋል። የታገደው ብቻውን እንዲሄድ ነው።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። ቀለምን ያግዳል፤ ግን ወደ ሰውነት ዘልቆ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ በማኅፀን ላለ ልጅም አይመለስም። በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት በመዋቢያዎች ላይ ገደብ ጣለ፤ በ2023 የተሰበሰቡት አባል አገሮች ደግሞ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ እስከ 2025 ድረስ ጨርሶ እንዲቆም ወሰኑ። ፊደል የሌለው ብልቃጥ ግን ስምምነት አያነብም።

«እኔስ በተፈጥሮ ነገር ነው የምጠቀመው» የሚሉ አሉ። ሎሚ ተቀብተው ፀሐይ ላይ የወጡ ሰዎችን ይጠይቁልኝ። ሎሚ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን አቃጥሎ አዲስ ጥቁረት ይጨምራል። እርድም ማርም ለወጥና ለጠጅ የተከበሩ ናቸው፤ እዚያው ይክበሩ።

እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው? ሻጯ ናት ብዬ ብጨርስ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ያለ ምልክት መድኃኒት ቀላቅሎ መሸጥ ጥፋት መሆኑ አያጠራጥርም። ግን እህቴን ወደዚያ ሱቅ የላካት ማስታወቂያው አይደለም። ማስታወቂያው እዚያ መስተዋት ላይ ለዓመታት ተለጥፎ ነበር፤ በየቀኑ ታልፈው ነበር። የላካት የእኔ ጥያቄ ነው። «በፊት» የሚለውን ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነኝ።

በቋንቋችን ፊት ብዙ ሥራ አለበት። ስንከፋ ፊታችን ይጠቁራል፤ ስንደሰት ይበራል። የተቆጣ ሰው ፊቱን ያጠቁርብናል፤ የናቀን ፊት ይነሳናል። ስለዚህ «ጠቆርሽ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ «ተጎዳሽ ወይ? ማን አስከፋሽ?» ማለታችን ነው። ጥያቄው ሲወጣ ፍቅር ነው፤ ሲደርስ ግን ፍርድ ሆኖ ይደርሳል። በተቃራኒው «ቀላሽ» ማለት «አማረብሽ» ማለት ሆኗል። መቼ እንዲህ ሆንን? ዘፈናችን ጠይሟን ሲያወድስ አይደል የኖረው? የጥንቱ ምስጋናችንስ «ወዝ» አልነበረም? ወዝ ቀለም የለውም። ጥቁሩም ጠይሙም ቀዩም ወዝ ሊኖረው ይችላል። ወዛም ሰው ማለት ጤና ያለው፣ የጠገበ፣ ያልተንገላታ ሰው ነው። ወዝን የሚሸጥ ብልቃጥ ግን የለምና ቃሉ ከገበያ ወጣ።

ነቢዩ ኤርምያስ በ13ኛው ምዕራፍ የማይለወጥ ነገር ምሳሌ ሲፈልግ ሁለት ነገር መጣለት፤ የኢትዮጵያዊ መልክና የነብር ዝንጉርጉርነት። የነቢዩ ጉዳይ ክፉ ጠባይ ነበር፤ ስለ ቆዳችን ክፉ አልተናገረም። ዛሬ ግን ጠባያችንን ትተን መልካችንንም ዝንጉርጉሩንም በሰባት ቀን ለመለወጥ የተነሣን ይመስላል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ስነግራት፣ ሻይ እየቀዳች በዝምታ አዳመጠችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «ጋሼ፣ አንተ ፊትህን የምታየው ስትላጭ ብቻ ነው። እኔን ግን ስልሳ ተማሪ፣ ባልደረባ፣ ጎረቤት በየቀኑ ያየኛል፤ ያየውንም ይነግረኛል። ‹ተይው፣ ተቀበይው› ማለት ላንተ ቀላል ነው። እኔ ሌላ ሰው መምሰል አልፈለግሁም፤ የራሴን ፊት ነው የፈለግሁት።»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። ትክክል ናት። ጥቁር ነጥቡ እንዲደበዝዝ መፈለግ ራስን መጥላት አይደለም። ጥርሱን የሚያሳክም ሰው ራሱን ጠላ አይባልም። ስለዚህ «ተፈጥሮሽን ተቀበይ» የሚለውን ስብከት ከዚህ ጽሑፍ አውጥቼዋለሁ። የምቃወመው ችኮላውን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ቆዳ ደግሞ ካፈሰሱት ተለቅሞ አያልቅም።

የሚያደበዝዘው መንገድ ለማስታወቂያ አይመችም፤ አሰልቺ ነው። ቅድሚያ ከፀሐይ መከለል። በየጧቱ ቁጥሩ 30ና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ መቀባት፤ ውጭ ከዋሉም በየሁለት ሰዓቱ መድገም። እንደ እኛ ላለ ቆዳ ደግሞ ቀለም ያለው፣ የብረት ኦክሳይድ የገባበት ዓይነት ይመረጣል፤ የሚታየው ብርሃን ራሱ ማዲያትን ያባብሳልና። ከዚያ ሐኪም እንደ ቆዳው ሁኔታ የሚያዝዛቸው አሉ፤ አዜላይክ አሲድ፣ ትሬቲኖይን፣ ሌሎችም። አንዳንዶቹ በእርግዝና ጊዜ አይፈቀዱም። ሌዘሩም ቢሆን ባልለመደ እጅ ጠይም ቆዳን ይባስ ያጠቁራል። ያለ ሐኪም ስቴሮይድ የጀመረ ሰውም በድንገት ከማቆሙ በፊት ሐኪም ያማክር። ለውጡ የሚቆጠረው በሳምንት ሳይሆን በወር ነው። የፀሐይ መከላከያ ዋጋው ለመምህር ደመወዝ ቀላል እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ ለእህቴ ለክፍሌ ዕዳ ስል የምገዛላት እኔ ነኝ።

አንዱ መድኃኒት ግን ከእናታችን ቤት ነበር። እናታችን ለዕድርም ለገበያም ያለ ጃንጥላ አትወጣም ነበር፤ ዝናብ ኖረም አልኖረም። እኛ ልጆቿ እንስቅባት ነበር። ቃሉ ራሱ ውስጡ «ጥላ» እያለ፣ የዝናብ ብቻ አድርገነው ኖርን።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አብረን ተመለስን። ፊቷ ድኗል ብዬ አልዋሻችሁም። ቅላቱ ሄዷል፤ ብጉሩ ጠፍቷል፤ ማዲያቱ አለ፤ ግን ደብዝዟል። ጃንጥላውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ መንገደኛም ፀሐይ ላይ ጃንጥላ የዘረጋ ሽማግሌ አይቶ ፈገግ ብሏል። አንዲት የድሮ ጎረቤታችን መንገድ ላይ አግኝታን ጉንጭ ለጉንጭ ከተሳሳሙ በኋላ ቀና ብላ እህቴን አተኩራ አየቻት። የምትለውን አውቄዋለሁ፤ አፏ ሊከፈት ሲል ቀደምኳት።

«ልጆቹ እንዴት ናቸው?» አልኳት።